ዝግባው ስንት ይችላል

ጸሐፊ ገብረአማኑኤል አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶት ተማሪ ሆነ። ለሶዶ ሰው ከዚህ የበለጠ ወሬ ከየት ይመጣለታል? በጽሕፈት ቤት የፈረንሳይኛ ደብዳቤ የሚያነብና የሚተረጉም እሱ ብቻ ነው። ሹማምንቱ ያከብሩታል፣ የሞቀ ቤት አለው፣ ሰጋር በቅሎ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎደለኝ ብሎ ነው ፈረንሳይ አገር ላለ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጽፎ፣ የመንገድና የድልድይ ሥራ በፖስታ አስተምሩኝ የሚለው?

«ዲቁና ነው የምትማረው?» ይሉታል ጎረቤቶቹ።

«እስቲ እናንተ ደግሞ!» ይላቸውና ያልፋል።

የጎደለውን ግን እሱ ያውቃል። በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. ክረምት ለሥራ ወደ በዴሳ ሲወርድ፣ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ አገኘው። እዚያው ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቅ፣ የቅቤ ሻጯ የብርቄ ባል ሁለት በሬዎቹን እየነዳ ገባ። ሰውዬው መዋኘት ይችል ነበር። ውሃው ግን በሬዎቹን ገለበጣቸው፣ ገመዱ እጁ ላይ ተጠምጥሞ ነበርና እሱንም ይዘውት ሄዱ። ገብረአማኑኤል ዳር ላይ ቆሞ ጮኸ፤ ከመጮህ በቀር ምንም አላደረገም። ወንዙ ምን ያህል ነው ቢሉ አሥራ ሁለት ክንድ ነው። አሥራ ሁለት ክንድ! ቤት ከሚያክል ነገር የማይበልጥ ውሃ ሰው ሲበላ ቆሞ ማየት አንጀቱን አቃጠለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቄ ቅቤዋን ይዛ ገበያ ስትሄድ በዚያ በኩል አታልፍም፤ ግማሽ ቀን በሚያስኬደው በላይኛው መንገድ ትዞራለች።

ትምህርቱ አሥር ጥራዝ ነው። እያንዳንዱ ጥራዝ በመርከብ ጅቡቲ፣ በባቡር አዲስ አበባ፣ ከዚያ በነጋዴ በቅሎ ሶዶ ይደርሳል። አንዱ ዝናብ መትቶት እንደ ቆጮ ተጣብቆ መጥቶ፣ ሚስቱ ሳህሊቱ ገጽ በገጽ ፀሐይ ላይ አስጥታ አድርቃለታለች። ፈረንሳይኛው ሲጠጥርበት ዱቦ ወዳሉት የካቶሊክ አባቶች በበቅሎ ይወርዳል፤ እነሱም ቃሉን ይነግሩታል እንጂ ሂሳቡን አያውቁም። በጥራዙ መጨረሻ ያለውን ጥያቄ ሠርቶ ይልካል፤ አራት ወር ይጠብቃል፤ በቀይ ቀለም ታርሞ ይመለስለታል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲማር ኖሮ አሥረኛው ላይ ደረሰ።

የአሥረኛው ጥራዝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ በአገርህ ያለ አንድ ወንዝ መርጠህ የእንጨት ድልድይ ንደፍ። እሱ ደግሞ ምን መምረጥ አለበት? ወንዙን ለካ፣ ዳርና ዳሩን ቆፍሮ አየ፣ ከብቱን ቆጠረ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ስንት እንደሚችል የሚያሳየው ሰንጠረዥ የፈረንጅ እንጨት ብቻ ነው። ዝግባ የለበትም። መጽሐፉ፣ እንጨትህ ከሌለ ቅርብ የሚሆነውን ውሰድ ይላል።

እዚህ ላይ ነው ገብረአማኑኤል የተሳሳተው፤ የተሳሳተውም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሃያ ዓመት የኖረው ማዕረግ ሲተረጉም ነው። ደብዳቤ ላይ ደጃዝማች ሲያገኝ በእነሱ አገር እኩያው ማን ነው ብሎ ይፈልጋል፤ ባላምባራስ ሲያገኝም እንዲሁ። እንጨቱንም እንደዚያው አደረገው። በእነሱ አገር የተከበረው እንጨት ሼን የሚሉት ነው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው በር፣ የንጉሣቸው ወንበር የሚሠራው ከእሱ ነው። በእኛስ አገር? ዝግባ ነዋ! ቁመናውን አይቶ የማይወደው ማን ነው? ዝግባ በሼን ቦታ ገባ። አራት አግዳሚ ግንድ ይበቃል፣ እያንዳንዱም መሐሉ ላይ ስልሳ ፈረሱላ ሳይጫንበት አይሰበርም ብሎ ጻፈና ላከው።

መልሱ በ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. በሚያዝያ መጣ። ከሃያ አሥራ ስምንት! ከሥሩ ትልቅ ክብ ማኅተም ተመቶበታል፤ የምስክር ወረቀቱም ይከተላል ይላል። ሳህሊቱ እልል ብላ ሰፈሩን ቀሰቀሰች። ምክትል ገዢው ፊታውራሪ ቢያድግልኝም ወረቀቱን ተቀብለው፣ ፈረንሳይኛ ባያነቡም፣ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«እንግዲህ የራሳችን መሐንዲስ አለን። ከውጭ ማምጣት ቀረ» አሉ። «ክረምት ሳይገባ ይሠራ!»

እንጨት ቆራጮች ወጡ። ለሥራው ዋና ሆኖ ቤት ሠሪው ባዳቾ ተጠራ። ባዳቾ ስድሳ ዓመት ያለፈው የወላይታ ሰው ነው፤ ከቦዲቲ እስከ በዴሳ ትልልቁ ጎጆ ሁሉ የእሱ እጅ አለበት ይባላል። ማንበብ አያውቅም። የተቆረጠውን ግንድ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ አቀፈው፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ አሸተተውም።

«ጌታዬ፣ ይች እንጨት ሰው ታሻግራለች» አለ። «ከብት አታሻግርም።»

«ተሰልቷል እኮ ባዳቾ። በቁጥር ነው የተሠራው።»

«ቁጥር ጥሩ ነው። ይች ግን ዝግባ ነች፤ ገና እርጥብ ነች። እኔ ዝግባ ሰብሬያለሁ፣ ብዙ።»

ገብረአማኑኤል ተናደደ። ሦስት ዓመት ተምሮ፣ ባሕር ማዶ ተፈትኖ ሲያበቃ አንድ ጎጆ ሠሪ በአውራ ጣቱ ያርመው? ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ፣ አልወረደለትም። ባዳቾ «ሰብሬያለሁ» ያለው ነገር ጆሮው ውስጥ ቀረ። እሱ ስንት ዝግባ ሰብሯል? አንድም። ጥራዙስ ስለ ዝግባ ምን አለ? ምንም። እንጨቱን እንደ ማዕረግ ተርጉሜው ነው እንዴ ብሎ ራሱን የጠየቀው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ባዳቾ ግቢ ሄደ። «እንስበር» አለው።

ሁለት የድንጋይ ካብ ካቡ፣ ግንዱን አጋደሙበት። ከመሐሉ በቃጫ ገመድ ሳንቃ አንጠለጠሉ፤ ሳንቃው ላይ አሸዋ የሞላ ስልቻ መደርደር ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ስልቻ በሚዛን አንድ ፈረሱላ ነው። ስልሳ መቻል ነበረበት። በሠላሳ ሦስት ተሰበረ። ሁለተኛ ግንድ አመጡ። በሠላሳ አምስት ተሰበረ።

ገብረአማኑኤል መሬት ላይ ተቀመጠ። ሂሳቡን ደጋግሞ መሥራት አላስፈለገውም። በገበያ ቀን ከብት ጥቅጥቅ ብሎ ድልድዩ ላይ ሲገባ፣ ርብራቡና አፈሩ ሲጨመርበት፣ አራቱ አግዳሚ አይችሉትም። የብርቄ ባል አንድ ሰው ነበር፤ በእሱ ድልድይ ግን ሰው ከነከብቱ፣ ሴት ከነልጇ ነው የሚሄደው፤ ያውም ድልድይ አለ ብለው አምነው።

«አየህ» አለ ባዳቾ፤ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። «ዝግባ ክፉ አይደለችም። ልኳን ነው የምትችለው።»

አሁን እንግዲህ ሄዶ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ገብረአማኑኤልም እንደዚያ መስሎት ፊታውራሪ ፊት ቀረበና አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ፊታውራሪ እስኪጨርስ ሰሙት።

«ፈረንጁ ትክክል ነው ብሏል።»

«ፈረንጁ የሚያውቀው ሼንን ነው፣ ጌታዬ። ዝግባን አይቶትም አያውቅ።»

«ትክክል ነህ ብሎ ማኅተም መታልህ። አንተ ደግሞ አይደለሁም ትላለህ። ማንን ልመን?»

«እኔን ይመኑ።»

«አንተንማ አምኜ አይደል እንጨቱን ያስቆረጥኩት!»

ፊታውራሪ ክፉ ሰው አልነበሩም። ማኅተም ያለበት ወረቀት በቃል አይሻርም፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት በዚህ ነው። ይልቅ ሰውዬው በምቀኛ አፍ ተበልቶ ነው፣ ወይም ወባ ይዞታል ብለው አዘኑለት። «ሂድና ተኛ፣ ገብሬ። ሹመት ሲመጣ ሰው ይደነግጣል» አሉት በደግ ቃል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እንዲሁ ሆነበት፤ ስህተቱን ባወራ ቁጥር «አቤት ትሕትናው!» ይሉታል። ሰው ከስሕተቱ ሲሸሽ ኖሯል፤ ስሕተቱን የሚያምንለት ሰው አጥቶ የተንከራተተ ግን የመጀመሪያው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣለት። «እንግዲያው ጌታዬ፣ አንዷን አግዳሚ በሕዝብ ፊት እንጫናት» አለ። ፊታውራሪ በዚህስ ደስ አላቸው። ሕዝብ የመሐንዲሱን ሥራ ያያል፣ እሱም ልቡ ይረጋለታል። ለቅዳሜ ገበያ ተባለ።

ቅዳሜ ሜዳው ሰው በሰው ሆነ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሹማምንቱ ተቀምጠዋል፣ ሳህሊቱ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። ገብረአማኑኤል ጠዋት እውነቱን ነግሯት ነበር። «ልታዋርደኝ ነው?» ብላ አለቀሰችና ደግሞ ፊቷን ታጥባ መጣች። ባዳቾና ሰዎቹ ስልቻውን አንድ በአንድ መደርደር ጀመሩ። ገብረአማኑኤል ይቆጥራል። አሥር፤ ግንዱ ዝም። ሃያ፤ ትንሽ ጎበጥ አለ። ሰው «በርታ!» ይላል ለግንዱ። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ።

ፊታውራሪ ብድግ አሉ። «ይበቃል! አንድ ግንድ ላም ከነጥጃዋ ተሸከመ! አያችሁ?»

እልልታው ሜዳውን ሞላው። «ጌታዬ፣ አራት ብቻ፣ አምስት ብቻ ይጨመር!» እያለ ገብረአማኑኤል ይጮኻል፣ ማን ይሰማዋል? ፊታውራሪ ምሳ ደርሷል ብለው ስልቻ የሚያነሱትን በእጃቸው አስቆሙ። ትእዛዝ ነው፤ አንድም ሰው ስልቻ አልነካም። ሰኞ አራቱ አግዳሚ ወንዙ ላይ ይጋደማሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ክረምት ይገባል።

ገብረአማኑኤል የቀረውን አሰበ። ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ፈረሱላ። እሱ ራሱ ባለፈው ወር የቡና ሚዛን ላይ ለቀልድ ወጥቶ ሦስት ፈረሱላ ነህ ተብሏል፤ ቀጭን ነው። ጫማውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ ኋላ ሲጠየቅ አያውቀውም። ስልቻዎቹ ላይ ወጣና የቃጫውን ገመድ ይዞ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ! ምን ነካህ!» አለች ሳህሊቱ።

ግንዱ እህህ አለ። ሰው ሳቀ፤ መሐንዲሱ በሥራው መተማመኑ ነው ብሎ እንደገና እልል አለለት። ገብረአማኑኤል ስልቻዎቹ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ግንዱን አየ፤ ሆዱ ላይ ነጭ ስንጥቅ ወጥቷል፣ ግን አልተሰበረም። አቤት እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰው የሠራው ነገር አልሰበርም ሲለው የሚያለቅስ እሱ ብቻ ነው። እውነትም ዕንባው መጣ።

«ተሰበሪ እንጂ!» አለ። «ምን አለ ብትሰበሪ!»

ባዳቾ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ሲያየው ነበር። ማንም አላዘዘውም። ፊታውራሪ በእጃቸው ሁሉን ባስቆሙበት ሜዳ፣ አንድ ገባር ያልታዘዘውን ሲያደርግ ምን እንደሚያገኘው እሱ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ወደ ሳንቃው ተራመደ።

«አይ ጌታዬ፣ ብቻህን ቀለልህ» አለና አንድ እግሩን አወጣ።

ሁለተኛውን ለማውጣት አልደረሰም። ግንዱ ጠመንጃ የተተኮሰ ያህል ጮኾ ከመሐሉ ሁለት ሆነ። ስልቻው ፈሰሰ፣ አሸዋው ጨሰ፣ ሴቶች ጮኹ። ባዳቾ በቂጡ ተቀምጦ ቀረ። ገብረአማኑኤል ከስሩ ነበር፤ የግንዱ ጫፍ ቅልጥሙ ላይ አርፏል፣ እግሩም እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል።

ፊታውራሪ ጃኖአቸውን እየሰበሰቡ ሮጠው መጡ። «ሞተ?»

«ተሰበረች!» አለ ገብረአማኑኤል አፉ አሸዋ ሞልቶ። ይስቅ ነበር። «ተሰበረች ጌታዬ! በሠላሳ አራት ነው! ሰባት አግዳሚ ያስፈልጋል፣ አራት አይደለም፣ ሰባት!»

ፊታውራሪ የተሰበረውን ግንድ አዩ። ከዚያ የሰውዬውን እግር አዩ። ቃል ሊክዱ ይችላሉ፣ ይህን ግን እንዴት አድርገው ይክዱታል?

«ሰባት» አሉ በመጨረሻ።

«ስምንት» አለ ባዳቾ ከተቀመጠበት። «አንዷ ለዝናብ።»

ፊታውራሪ ዘወር ብለው አዩት። «ስምንት ይሁን» አሉና ወደ ድንኳናቸው ተመለሱ። ባዳቾን የነካው የለም።

ወጌሻው እግሩን በቀርከሃ አስሮለት ሲሄድ ገብረአማኑኤል ወረቀትና ቀለም አምጪልኝ አለ። ሳህሊቱ አመጣችለት፤ አኩርፋለች። ጽፎ ሲጨርስ «ምን አልካቸው?» ብላ ጠየቀች።

«የሰጣችሁኝን አሥራ ስምንት መልሳችሁ ውሰዱ አልኳቸው። የምስክር ወረቀቱንም አትላኩ፣ ሂሳቡ ልክ አይደለም። የዝግባ ልክ ይህ ነው ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩላቸው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ!» አለች። «ከዝናብ ያደረቅሁት እኔ፣ የጠበቅሁት እኔ። ሌላው ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር እኮ፣ ገብሬ።»

«ዝም ብዬማ ብርቄን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ደብዳቤውን አጣጥፋ፣ በእጇ አሽጋ፣ ለነጋዴው የሰጠችው ራሷ ሳህሊቱ ናት። ከተማው ግን «መሐንዲስ» ማለቱን ያን ሰሞን ተወ። «ግንድ ሰባሪው» የሚሉም ነበሩ፤ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንዳንዱ ደብዳቤ ሲሰጠው ፈገግ ይላል። አልከፋውም ማለት ውሸት ነው፤ ከፍቶት ነበር።

ድልድዩ በሰኔ አለቀ። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ቀን ሲዘንብ ከርሞ፣ ወንዙ እስከ አፉ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ ሲጋልብ፣ ገብረአማኑኤል በምርኩዙ እያነከሰ ወረደ። መልሱ ከፈረንሳይ ገና አልመጣም፤ ይምጣ አይምጣም አይታወቅም። ባዳቾ ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ድልድዩን ሊያይ መጥቷል። ከማዶ የበሬ መንጋ መጣ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ቀንድ ለቀንድ እየተጋፋ፤ ነጂዎቹ በወላይትኛ እየጮኹ ሁሉንም አንድ ላይ አስገቡት። አንዱ ወይፈን መሐል ላይ ሲደርስ ውሃውን አይቶ ደነገጠና ዘለለ። ገብረአማኑኤል ዓይኑን ጨፈነ። የሰማው የኮቴ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዓይኑን ሲገልጥ መንጋው ወዲህ ተሻግሮ አልፎታል፣ ነጂዎቹም ወደኋላቸው አላዩም።

ከመንጋው ኋላ ሴቶች መጡ። ከሴቶቹ መሐል ብርቄ አለች፤ ቅቤዋን በቅል አዝላ። ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። የቀሩት አልፈዋት ሄዱ። ውሃውን አየችው፣ ረዘም አድርጋ አየችው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተራመደች። ገብረአማኑኤል ከመንጋው ኋላ ከወዲህኛው ጫፍ መንገዱ መሐል ገብቶ እንደተገተረ ነበር። ብርቄ እፊቱ ደርሳ ቆመች፣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ኧረ ጸሐፊ፣ መንገድ ላይ ምን ይገትርዎታል?» አለች። «ዞር ይበሉልኝ እንጂ፣ ገበያው ሊያመልጠኝ ነው!»

ገብረአማኑኤል ምርኩዙን አነሳና ዞር አለላት።